መርሳ ላይ የቀረችው ክራር

ከደሴ

የጦሳ ተራራ ጉም ሳይገፈፍ፣ በማለዳ፣ ከደሴ መናኸሪያ ወደ ወልድያ የሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ጭኔ ላይ በነጠላ የጠቀለልኳት ክራር አለች። በእጄ ከሠራኋቸው ሦስተኛዋ ናት፤ የጉዞዬ ምክንያትም እሷው ናት። ያያት ሁሉ «ወይ ማማር!» ይላል። የነካት ሁሉ ደግሞ አፍሮ ይመልስልኛል። ድምፅ የላትም። ክሯ ሲመታ በር የተንኳኳ ይመስላል።

ነገሩን ላስረዳ። ወንድሜ ደመቀ ደሴ ውስጥ የእንጨት ሥራ ቤት አለው። እኔ እዚያ የምሠራው ፊኒሺንግ ነው፤ ጠረጴዛው፣ አልጋው፣ ቁም ሳጥኑ ተገጣጥሞ ሲያልቅ በብርጭቆ ወረቀት አለሰልሳለሁ፣ ቫርኒሽ እቀባለሁ። እጄን ሰው ሁሉ ያመሰግነዋል። ታዲያ ሠራተኛው ሲወጣ ብቻዬን እየቀረሁ ከዋንዛ ቁርጥራጭ ክራር መሥራት ጀመርኩ። ማንም አላስተማረኝም። ከዚያ ወዲህ ለጠረጴዛ የነበረኝ ፍቅር አለቀ። በዚህ መሃል ደመቀ ዕቃውን ጠቅልሎ አዲስ አበባ ሊገባ ወሰነና አብረን እንሂድ አለኝ። አልሄድም ስለው ተቆጣ።

«ክራር ሠሪ ነኝ ትያለሽ፤ የታለ ክራሩ? ይሄ ላም አለኝ በሰማይ ነው። አንዲት የምትናገር ክራር፣ አንዲት ብቻ፣ አሳዪኝና እዚሁ ቅሪ። ካልሆነ ዕቃሽን ሸክፊ» አለኝ።

ተስማማን። አንድ ደንበኛችን ወልድያ ውስጥ ጥሩ ክራር ያለው ባለ ሱቅ እንደሚያውቅ ነገረኝ፤ እኔም የመንገዱን ሰላም ጠያይቄ ተነሣሁ። ክራሬ ካልተናገረች ነገሩን እርግፍ አድርጌ ትቼ ወንድሜን እከተላለሁ።

የሐይቅን ከተማ ስናልፍ ውሃው በስተቀኝ ከዛፎቹ መሃል ብልጭ አለ። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ነጠላውን ነካ አድርገው «እኔኮ ሕፃን መስሎኝ፣ ምን ያለ ጨዋ ነው ስል ነበር» አሉኝ። ክራር መሆኗን ነገርኳቸው። ምን ሆነች ቢሉኝ፣ ስለ ቅኝቶቹ እያሰብኩ ጮክ ብዬ «አምባሰልም እምቢ አለችኝ፤ ባቲም አልሆነልኝ» አልኩ። ከፊታችን የተቀመጠ ሰውዬ ይህን ሲሰማ ዞር አለ።

«አምባሰል ከሆነማ ውጫሌ ላይ ትወርጃለሽ። ባቲ ግን በዚህ የለም እህቴ! በኮምቦልቻ በኩል ነበር መሄድ። ረዳት! ኧረ ይቺ ልጅ መኪና ተሳስታለች፣ አቁምላት!»

ረዳቱ ጣሪያውን ደበደበ፤ ሾፌሩ ዳር ያዘ። እናትዬው ነገሩን ሲያስረዱ መኪናው በሙሉ በሳቅ ፈረሰ፤ ሰውዬውም ራሱን እየነቀነቀ አብሮ ሳቀ። ወሎ ውስጥ ስለ ዜማ የሚያወራ ሰው መንገድ የሚጠይቅ እየመሰለ ነው፤ ቅኝቱም ሀገሩም ስማቸው አንድ ነው። እኔም ሳቅኩ፤ ከደሴ ይዤው የወጣሁት ፍርሃት ትንሽ ለቀቀኝ።

ከውጫሌ በኋላ መንገዱ እየተጠማዘዘ ቁልቁል ይወርዳል። ሹራቤን አወለቅኩ። የማሽላው ራስ መቅላት የጀመረበት ወቅት ነው፤ ከመንገዱ ዳር ተነሥቶ እስከ ተራሮቹ እግር ድረስ ማሽላ ብቻ ነው የሚታየው። ተራሮቹ ደግሞ እንዲሁ ዝም ብለው ይቆማሉ፤ ከጫፋቸው ደመና ሲወርድ አየሁ፤ አፌን ከፍቼ ስቀር እናትዬው «ልጄ፣ መጀመሪያ ጊዜሽ ነው እንዴ?» አሉኝ። አልነበረም። ግን ሁሌም እንደዚያ ነው የሚያደርገኝ።

ወልድያ

ሱቁን ማግኘት አልከበደኝም። የባህል ልብስ፣ ሰፌድ፣ ማሲንቆ ይሸጣል። ባለቤቱ ሞላ የሚባል ቀልደኛ ወጣት ነው። ከጀርባው ግድግዳ ላይ ብቻዋን የተሰቀለች አንዲት ክራር አየሁ፤ ሳያት በሆዴ ሳቅኩ። ገበቴው፣ ማለትም ጎድጓዳው የክራሩ ሆድ፣ የመጥረቢያ ምልክቱ እንኳ አልጠፋለትም። ቆዳው ጠርዙ ላይ የፍየል ፀጉር አለበት። እኔ ብሆን ከሥራ ቤት አላስወጣትም።

ሞላ አውርዶ መታት።

ምን ብዬ ልንገራችሁ። ድምፁ ከክራሯ የወጣ አልመሰለኝም፤ ከደረቴ ውስጥ የተነሣ ነው የመሰለኝ። ክንዴ ላይ ያለው ፀጉር ቆመ። ሞላ ከመታት በኋላ አብሯት ትንሽ አዜመ፤ የትኛው የእሱ፣ የትኛው የእሷ ድምፅ እንደሆነ መለየት አቃተኝ። ከዚያ ተናደድኩ። አዎ፣ ቅናት ነው። የኔን ቆንጆ ከነጠላዋ ሳላወጣ እቅፍ አድርጌ ቀረሁ።

«ማነው የሠራት?»

«የግራናው አያ ይመር።»

«ስንት ነው የምትሸጣት?»

«ይቺ አትሸጥም አቦ! ይቺ የኔ ናት። እሳቸው ለሱቅ አይሠሩም፤ ለሰው ነው የሚሠሩት» አለና መልሶ ሰቀላት። «ግራና ደግሞ ወደ ኋላ ነው። መርሳን አልፈሽው መጣሽ እኮ።»

ማታ ከመናኸሪያው አጠገብ ባለች ምግብ ቤት ሽሮ አዘዝኩ። በሸክላ ድስት እየተንተከተከ መጣ፤ ቃሪያው ያስነጥሳል። ብዙ አልበላሁም። «ለሱቅ አይሠሩም» ያለው ነገር አልገባኝም። እንጨት እንጨት ነው፣ ቆዳም ቆዳ ነው፤ ገዥው ማንም ይሁን ማን ምን ይለውጣል እያልኩ ተኛሁ።

መርሳ

በማግስቱ በመጣሁበት መንገድ ተመለስኩ። ሲሪንቃ ላይ ከምርምር ማእከሉ አጥር ወዲያ ማሽላው እንደ ተማሪ ተሰልፎ፣ እያንዳንዱ መደብ ፊቱ ላይ ምልክት ተተክሎለት አየሁ። መርሳ ስንደርስ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ብርቱካንና ፓፓያ ተከምሯል፤ ሻጮቹ በመስኮት በኩል እስከ አፍንጫችን ድረስ ያመጡታል።

ወደ ግራና የሚወስደኝ ባጃጅ ስፈልግ ሰይድን አገኘሁ። አርባ ዓመት ያለፈው፣ ሰፊ ደረት ያለው፣ ኮፍያው አንድ ጆሮው ላይ ያዘነበለ ሰው ነው።

«አያ ይመር ዘንድ? አብሽሪ፣ ዓይኔን ጨፍኜ አደርስሻለሁ» አለኝ።

«ኧረ ገልጠህ ንዳ» አልኩት።

መንገዱ ከአስፋልቱ ከተለየ በኋላ አቧራና ጠጠር ነው። ሰይድ ጉድጓድ ባገኘ ቁጥር «ቢስሚላህ» ይላል፤ በጉድጓዶቹ መካከል ደግሞ ያንጎራጉራል። ቃል የለውም፤ እንዲሁ ወፍራም እምምም ነው፤ ከሞተሩ ጋር ተደባልቆ ጆሮዬን አደነቆረኝ። ዝም በል እንዳልለው አፈርኩ። ለመመለሻዬ እንዲመጣ ስልክ ቁጥር ተለዋወጥን።

ግራና

አያ ይመር ግቢያቸው ውስጥ ካለ ዛፍ ጥላ ሥር አጎዛ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሽበታም፣ ረጅም፣ አፋቸው የማያርፍ ሰው ናቸው። ሰላምታዬን ሳልጨርስ «ሞላ ነው የላከሽ? የሱን ክራር ሰምተሽ ነው አይደል? ከግራና እስከ ደሴ እንደሱ ያለ የለም፤ እኔ ነኝ የሠራሁት!» አሉኝ። ባለቤታቸው እትዬ ብርቄ ከጓዳ ብቅ ብለው «እንግዳ ይቀመጥ እንጂ፤ ራስህን ማወደሱ ይደርሳል» አሏቸው።

ነጠላውን ፈታሁ። ክራሬ በጠዋት ፀሐይ አብረቀረቀች። አያ ይመር ተቀብለው አገላበጧት፤ ጣታቸውን በቫርኒሹ ላይ አንሸራተቱ፤ ከዚያ በቁምነገር «ሦስት እግር ቢገጠምላት በርጩማ ትሆናለች» አሉ።

ፊቴ ጋለ። እትዬ ብርቄ ተቆጧቸው። እሳቸው ግን ግድ አልሰጣቸውም። «ለማን ነው የሠራሻት?» ብለው ጠየቁኝ።

«ለማንም። መጀመሪያ ትናገርልኝ ብዬ ነው።»

«ለማንም የተባለማ ለማን ይናገራል? ነይ፣ ላሳይሽ።»

ከቤት ሌላ ገበቴ አመጡ። ቆዳ ለብሷል እንጂ ገና ክር አልተወጠረበትም። እትዬ ብርቄ ከጓዳ ቁንጥር ቀይ ጤፍ አመጡ፤ ቀዩ የሚመረጠው በነጩ ቆዳ ላይ ጎልቶ እንዲታይ ነው አሉኝ። ጤፉን ቆዳው ላይ በተኑት። ከዚያ እትዬ ብርቄ ጎንበስ ብለው፣ ትንፋሻቸው ጤፉን እንዳይነካው አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጋርደው፣ አንዲት ድምፅ አወጡ። ከዝቅታ ጀምረው እያነሱ ሄዱ። ጤፉ ዝም ብሎ ተኝቷል። ትንሽ ከፍ አሉ፤ አሁንም ዝም። አንዲት ቦታ ላይ ሲደርሱ ግን ጤፉ ተነሣ።

ዘለለ እላችኋለሁ! ማንም ሳይነካው፣ ንፋስ በሌለበት፣ ፍሬው ሁሉ ቆዳው ላይ መዝለል ጀመረ፤ እየዘለለ ወደ ጠርዙ ሸሸና ክብ ሠራ። እትዬ ብርቄ ሲያቆሙ ጤፉም ቆመ። እኔ ከተቀመጥኩበት ተነሥቼ ቆሜያለሁ፤ መቼ እንደተነሣሁ አላውቅም። እጄን አፌ ላይ ጭኜ «አንዴ ይድገሙልኝ፣ በሞቴ» አልኳቸው። ደገሙልኝ። ጤፉም ደገመ። ለካ እንጨት ይሰማል።

«ይሄ ገበቴ የብርቄ ነው» አሉ አያ ይመር። «ጤፉ የተነሣባት ያቺ ድምፅ ናት ቃሉ። ክሩን ስወጥር ከሷ ቃል ተነሥቼ እቃኘዋለሁ፤ ከዚያ እሷ ስትዘፍን እሱ ይቀበላታል። የኛ ደንብ እንዲህ ነው። ሰው ይመጣል፣ ያዜማል፤ ጤፍ የዘለለለትን ገበቴ ይወስዳል። ያልዘለለለት ሌላ እስኪጠረብለት ይጠብቃል። የሞላን ገበቴ ለማግኘት ስንቱን እንጨት አበላሸሁ መሰለሽ።»

ተራው የክራሬ ሆነ። ክሯን ፈታንና ጤፍ በተንንባት። እትዬ ብርቄ አዜሙ፤ አያ ይመር አዜሙ፤ እኔም አዜምኩ። አንዲት ፍሬ እንኳ ንቅንቅ አላለችም። ሞቶ የተኛ ጤፍ አይቼ አላውቅም፤ ያን ቀን አየሁ።

አያ ይመር ቢላ አቀበሉኝ። «ቆዳውን ቅደጂው። የገበቴው ግድግዳ እንደ ዳቦ ወፍሯል፤ እንደ ቂጣ መሆን አለበት። ያንን የምታብለጨልጪበትን ነገርም ፋቂው፤ ቆዳውን ደግሞ በኮላ አጣብቀሽው እንዴት ይተንፍስ?»

ቢላውን ይዤ ቆምኩ። ያንን ገጽታ ለማምጣት ስንት ማታ እንደፈጀብኝ የማውቀው እኔ ነኝ። በዓለም ላይ ደህና አድርጌ የማውቀው ነገር ቢኖር ማለስለስ ነው፤ እሱን ነው ፋቂው የሚሉኝ። እትዬ ብርቄ ትከሻዬን ይዘው «የኔ ልጅ፣ ካልፈለግሽ ተዪው፤ ቆንጆ ናት፣ ግድግዳ ላይ ትሰቅያታለሽ» አሉኝ። ግድግዳ የሚለውን ቃል ስሰማ ቢላውን ቆዳው ላይ ሰካሁት።

ከዚያ ቀኑን ሙሉ በመሮ ጠረብኩ፤ ሲሳሳ ደግሞ በብርጭቆ ስባሪ ፋቅኩ። አያ ይመር አጠገቤ ሆነው ገበቴውን በአውራ ጣታቸው ቆርቆር እያደረጉ «ገና ነው»፣ «ገና ነው»፣ «እዚህ ጋ ዳቦ አለ» ይላሉ። አንዴ መሮው አዳልጦኝ ሲያዩ «አያያዙን አይተህ ጭብጦውን ቀማው አሉ!» ብለው ነጠቁኝ፤ ወዲያው መለሱልኝ። ሊመሽ ሲል ቆረቆሩና ምንም አላሉም። እኔም ራሴ ቆረቆርኩት። ድምፁ ቀጭንና ረጅም ነበር፤ ጣቴን ካነሳሁ በኋላ እንኳ ትንሽ ቆየ። አልቅሼ ነበር፤ ጭሱ ነው ብዬ አሳበብኩ፤ እሳት ግን አልነበረም።

ቆዳው ለመስቀል የታረደ የራሳቸው ፍየል ቆዳ ነው። ተነክሮ አደረ፣ እኔም እነሱው ቤት አደርኩ፤ በማግስቱ ገበቴው ላይ ወጥረን በጠፍር አሠርነውና ፀሐይ ላይ አስቀመጥነው። የቆላ ፀሐይ ሥራውን እስኪጨርስ ከእትዬ ብርቄ ጋር ገበያ ወጣሁ። እሳቸው የበርበሬ ዋጋ በተከራከሩበት ቦታ ሁሉ እኔ የሰውን ድምፅ አዳምጣለሁ። ያቺ ቅቤ የምትሸጥ ሴት ቀጭን፣ ያ ማሽላ የሚሰፍር ሰውዬ ሻካራ፤ ለያንዳንዱ አንድ አንድ ገበቴ አለ ማለት ነው፤ አንዳንዱም ገና ዛፍ ነው። ይህን ሳስብ ራሴ ዞረ። እስከዚያ ቀን ገበያ ገብቼ ያየሁት ዕቃ ብቻ ነበር።

ሰይድ ሊወስደኝ በመጣ ጊዜ ቆዳው ደርቆ ነበር። ውሃ ስጡኝ ብሎ ባጃጁን ጥላ ውስጥ አቆመ። እኛ ጤፍ በተንን። አያ ይመር ሞከሩ፤ ጥቂት ፍሬ ተንቀሳቀሰ። እትዬ ብርቄ ሞከሩ፤ ያው። ሁለቱም ወደኔ አዩ። ከልቤ አዜምኩ፤ ዝቅ አልኩ፣ ከፍ አልኩ። ጠርዙ ላይ ያለው ጤፍ ትንሽ ተንቀጠቀጠና ተኛ።

እንግዲህ አዲስ አበባ ነው፤ ጠረጴዛ ነው አልኩ በልቤ። አያ ይመር እንኳ ቀልድ ጠፋባቸው።

በዚህ መሃል እትዬ ብርቄ «አንተ! አንተ ይመር! እየው! እየው!» ብለው ጮሁ።

ጤፉ ይዘላል። አፋችንን ዘግተን ቆመናል፤ ማናችንም አላዜምንም፤ ጤፉ ግን ይዘላል። እንደ እትዬ ብርቄው ገበቴ ወደ ጠርዙ አልሸሸም፤ ቆዳው መሃል ላይ እየተነሣ እየወረደ ይፈላል። ዘወር ብለን ብናይ ሰይድ ከጀርባችን ቆሞ፣ ባዶ ኩባያ ይዞ፣ ወደ ተራራው እያየ ያንጎራጉራል። ያ እምምም! መንገዱን ሙሉ ያሰለቸኝ እምምም!

«ሰይድ፣ እንዳታቆም!» አልኩት።

ደንግጦ አቆመ። ጤፉም ቆመ።

«ምን አጠፋሁ?»

«ምንም። እንዲያው አንጎራጉር» አሉት አያ ይመር። ድምፃቸው ተለውጧል።

አፍሮ አንጎራጎረ። ጤፉ ፈላ። ቀረብ ብሎ ሲያይ «ያ ረቢ!» አለና ወደ ኋላ ሸሸ፤ ተመልሶ መጣ፤ ደግሞ ሞከረ። ዓይኑ እንባ ሞላ። «እኔ እኮ ሚስቴ እንኳ ዝም በል ነው የምትለኝ» አለ።

ክሩን ወጠርንና አያ ይመር ከሱ ቃል ተነሥተው ቃኟት። መጀመሪያ የመታኋት እኔ ነኝ። ስለ ድምፁ ብዙ መጻፍ እችል ነበር፤ ግን ባጭሩ ፈራሁ። በሕይወቴ ከእጄ የወጣ ነገር አስፈርቶኝ አያውቅም። ይህን እኔ ነኝ የሠራሁት? እያልኩ እጆቼን አየኋቸው።

አያ ይመር ግን ሌላ ነገር አሳሰባቸው። «አንድ ነገር አለ» አሉ። «ይሄ ቆዳ በኔ ቤት ቢላ የታረደ ነው። እኔ ለእስላሙ ከእስላም ቤት የታረደ፣ ለክርስቲያኑ ከክርስቲያን ቤት የታረደ ነው የምወጥር። የአባቴ ደንብ ነው። ይሄ የክርስቲያን ፍየል ነው፤ ሰይድን እንዴት ላድርገው?»

ሰይድ አንዴ ክራሯን፣ አንዴ እሳቸውን አየ። «አያ ይመር፣ እኔ አልበላት! ላንጎራጉርባት ነው እንጂ!»

እትዬ ብርቄ ስቀው ስቀው መሬት ተቀመጡ። አያ ይመርም ደንቡ ለሌላ ጊዜ ይቆይ አሉ።

ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። «ለሰይድ ነው እንዴ የምትሰጡት?» አልኩ። «ለወንድሜ የማሳየው እኮ እሷን ነው! እሷን ካላሳየሁ ደሴ መቅረት የለም!»

«ያንቺ ናት፣ ውሰጂያት። ማን ከለከለሽ?» አሉ አያ ይመር። «ደሴ ላይ ወንድምሽ ይመታታል፤ በርግጥ ትጮሃለች። የሚያናግራት ግን የለም።»

ክራሬን በነጠላ ጠቅልዬ ተነሣሁ። ተቀይሜ ነበር። አያ ይመር ግን ሳልመረቅ እንደማልሄድ ነገሩኝ። እጅሽን አምጪ አሉ። መዳፎቼን ዘረጋሁ፤ እንትፍ እንትፍ አሉባቸውና «ይህ እጅ የሰው ቃል አይጣው። ዛፉን አያስከፋው። እንጀራ ይውጣለት» አሉ። እትዬ ብርቄ አሜን አሉ፤ ሰይድ ባጃጁ አጠገብ ሆኖ አሚን አለ። ቅያሜዬ የት እንደገባ አላውቅም።

ወደ መርሳ ስንመለስ ሰይድ መንገዱን ሁሉ አላንጎራጎረም። ጉድጓድ ስናገኝ ቢስሚላህ ይላል፤ ከዚያ ዝም። ስለ ክራሯ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ስንመጣ ያሰለቸኝ ድምፅ አሁን ጠፍቶ ጆሮዬ ባዶ ሆነ። ጭኔ ላይ ያለችው ነገር እየከበደችኝ ሄደች። ደመቀ ሲመታትና «እሺ፣ ደህና ነች» ሲል ታየኝ። ከዚያ ዕቃ ማስቀመጫው ላይ ትቀመጣለች።

መርሳ መናኸሪያ ደርሰን ስወርድ ነጠላዬን ብቻ ወሰድኩና ክራሯን መቀመጫው ላይ ተውኳት።

«ረሳሽ» አለኝ።

«አልረሳሁም። ያንተ ናት።»

«ወላሂ አልቀበልም! ወንድምሽስ?»

«ወንድሜን እኔ አውቅበታለሁ። ደግሞ አንተ ዝም ስትል መንገዱ አያልቅም።»

ሰይድ ወደ ፍራፍሬ ሻጮቹ ሮጠና ትልቅ ፓፓያ ይዞ ተመለሰ። ሚኒባሱ ሲንቀሳቀስ ባጃጁ ውስጥ ክራሯን እንደ ሕፃን አቅፎ ተቀምጦ ነበር፤ ተሳፋሪ ሲጠራው እንኳ አልሰማም።

ደሴ

«ክራር ይዘሽ ሄደሽ ፓፓያ ይዘሽ መጣሽ?» አለኝ ደመቀ።

ሥራ ቤቱ ግማሹ ተነቅሏል። ሁሉን ነገርኩት፤ ስለ ጤፉ፣ ስለ ሰይድ፣ ስለ ፍየሉ። በሚያስቀው ቦታ ሳቀ። ስጨርስ ግን «መቼም ስምምነታችንን ታውቂያለሽ» አለ።

«አውቃለሁ። የማሳይህ ነገር የለኝም። ግን አልሄድም ደመቀ። እዚሁ እቀራለሁ።»

ይህን ስለው ራሴን ገረመኝ። ለጉዞ ስነሣ የፈለግኩት ማስረጃ ነበር፤ ማስረጃውን አግኝቼ ሰው እጅ ላይ ትቼው መጣሁ፤ ያም ሆኖ ጥርጣሬዬ አብሮኝ አልተመለሰም። ከዚህ መንገድ የተማርኩት ነገር ቢኖር እሱ ነው፦ ሰው ለአንድ ሥራ ተፈጥሬያለሁ ወይ ብሎ ቤቱ ተቀምጦ ቢያብሰለስል መልሱን አያገኝም፤ መልሱ ያለው ሥራው የሚሄድበት ሰው ዘንድ ነው። ይህን ለደመቀ በዚህ ቋንቋ አላልኩትም። ፓፓያውን ቆርጬ ሰጠሁት፤ ተኮራርፈን በላን።

ጥቂት ቀናት እንዳለፉ፣ እጄ በኮላ ተለውሶ ሳለ ስልኬ ጠራ። ደመቀ አነሳልኝ። «ሀሎ» አለ፤ ደግሞ «ሀሎ» አለ። ከዚያ ስልኩን ጆሮው ላይ ጫን አደረገ። ስልኩ ውስጥ የሚናገር ሰው አልነበረም፤ ሰይድ በቁጥሬ ደውሎ ስልኩን አንድ ቦታ አስቀምጦት ኖሯል፤ ለመምታት ሁለት እጁን ይፈልጋልና። ካለሁበት ሆኜ ሰማሁት። ጣቱ ገና ይሳሳታል፣ ይፈልጋል፣ ይመለሳል። የሱ ወፍራም እምምም ግን ከሥር ይዞታል፤ እሷም ትከተለዋለች።

ደመቀ ባላለቀ ጠረጴዛ ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። መጨረሻው ድረስ ሰማ። ስልኩ ሲዘጋ ከጆሮው አላወረደውም።

«ይቺ ናት?»

«እሷ ናት።»

«አንቺ ነሽ የሠራሻት።» ጥያቄ አልነበረም። ቆይቶ «የሥራ ቤቱን የኋለኛ ክፍል ቁልፍ ለአከራዩ አልመልስም፤ አንቺው ጋ ይቆይ» አለ። ከዚያ መሬት መሬቱን እያየ «ቀጣዩን ለማን ነው የምትሠሪው?» ብሎ ጠየቀኝ።

«እስካሁን የመጣ ሰው የለም።»

ወንድሜ በሕይወቱ ሲዘፍን ሰምቼው አላውቅም። ተነሥቶ በሩን ዘጋ፤ ሰው አለመኖሩን አየ፤ ጉሮሮውን ጠረገና ፊቱ እየቀላ ማንጎራጎር ጀመረ። እኔም ለሱ የሚሆን ዋንዛ ፍለጋ ወደ እንጨቱ ክምር ሄድኩ።